ከውኃው የሸሹ ቀንድ አውጣዎች

ከቀንድ አውጣ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለኝ ስል ሰዎች ገና ሳልጀምር ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም። ማዳም አቲየኖ ያን ሁሉ አቧራና ኮረኮንች አቋርጣ ከናይሮቢ ሞያሌ ድረስ የመጣችው ለምን እንደሆነ ስትነግረኝ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያች ቀን በኋላ ግን የዚያ ፍጥረት ስም ሲነሳ ሳቅ አይመጣልኝም። እንዴት እንደሆነ ላውራችሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ የሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከሞያሌ ወደ ደቡብ አስፋልት የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ስልክም ከከተማዋ ወጣ ካላችሁ አይሠራም። አባቴ በወጣትነቱ ከኢትዮጵያ ደጋ ለንግድ መጥቶ በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ትንሽ ሆቴል ከፍቶ ነበር። የተወለድኩትም ከዚያችው ሆቴል ጓሮ ነው። ከወላጆቼ ጋር አማርኛ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የቦረና ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እያወራሁ አደግኩ። አራት ቋንቋ ነበረኝ፤ በአንዳቸውም ግን የራሴ ብዬ የምናገረው ብዙ ነገር አልነበረኝም። ሾፌሩ ለነጋዴው የሚለውን፣ ነጋዴው ለፖሊሱ የሚለውን፣ ፖሊሱ ለአባቴ የሚለውን ስተረጉም እውል ነበር።

ስሜ ትዕግስት ነው፤ እናቴ ስሙን ያወጣችልኝ ሳታውቀኝ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ወንድሜ ናይሮቢ ሱቅ ስላለው «ነይና አብረን እንሥራ» ካለኝ ቆይቷል። ቅዳሜ በሚነሳ የከብት መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዤ፣ ሻንጣዬን ሸክፌ፣ ደግሞ ፈትቼ፣ ደግሞ ሸክፌ ቀኑን እጠብቃለሁ። ሆቴሉ በር ላይ ወጣ ገባ ስል አባቴ «ልጄ፣ ደጃፉን ጨረስሽው እኮ» ይለኝ ነበር።

ማዳም አቲየኖ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። አርባዎቹን ያለፈች፣ ከትልቁ ሐይቅ አካባቢ የተወለደች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጓዟ የፕላስቲክ ብልቃጥና ረጅም እጀታ ያለው ወንፊት ነበር።

«የቦረና ቋንቋ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ በስዋሂሊ።

«ምን ልታጠኚ ነው?» አልኳት። ስዋሂሊ አንቱታ ስለሌለው ገና ከመጀመሪያው አንቺ ስላት ቅር አላላትም።

«ኮኖኮኖ» አለች። ቀንድ አውጣ ማለቷ ነው። «ውኃ ውስጥ የሚኖረውን።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም አብራኝ ሳቀችና «ነገ ጠዋት ትመጫለሽ?» አለችኝ። ቅዳሜ እስኪደርስ እግሬን የማሳርፍበት ነገር ስፈልግ ነበርና እሺ አልኩ።

በማግስቱ በተከራየችው ላንድሮቨር ወደ ሶሎሎ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ሾፌሩ ሁቃ የሶሎሎ ልጅ ነው፤ ወሬ አያበዛም። ድርቁ የከፋበት ወቅት ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቁጥቋጦ አመድ መስሏል። የምንሄድበት ቦታ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት አንድ ትልቅ ኩሬ ነው። የአካባቢው ሰው እንዲህ ያለውን «ሐሮ» ይለዋል። በየተራ ከብት ያጠጡበታል፤ ሰውም ከዚያው ይጠጣል። ሌሎቹ ኩሬዎች ደርቀው የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

መኪናው ሲያንገጫግጨን ማዳም አቲየኖ ስለ ቀንድ አውጣዎቿ ታወራልኛለች። ኩሬ ሲደርቅ አንዳንዶቹ ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ የቅርፋቸውን አፍ ዘግተው፣ ዝናብ እስኪመጣ ለወራት ይተኛሉ። ከመካከላቸው አንዱ ዓይነት የበግና የከብት ጉበት ትል ተሸካሚ ነው። የቀሩት ግን የሚያደርሱት ጉዳት የለም። ድንጋይና ጭቃ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ልጋግ እየበሉ ኩሬውን ያጸዳሉ፤ ወፎችም እነሱን ይበላሉ።

«የትኛው የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ሰው አንዱን ሲጠላ ሁሉንም ነው የሚያጠፋው።»

እውነቱን ለመናገር በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማት። ልቤ ናይሮቢ ነበር።

ኩሬው ጋ ስንደርስ ረፋድ ላይ ነበር። ዙሪያው በእሾህ ቅርንጫፍ ታጥሯል። ውኃው ሸሽቶ መሐል ላይ ሻይ የመሰለ ነገር ቀርቷል። ሰው አልነበረም። ማዳም አቲየኖ ወንፊቷን ይዛ ወደ ውኃው ወረደችና ጠርዙ ላይ ቀጥ አለች። መጀመሪያ እባብ ያየች መስሎኝ ነበር።

«ትዕግስት፣ ነይ እስቲ እዪ።»

ወረድኩ። ከውኃው ጠርዝ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ፣ በደረቀው ጭቃ ላይ፣ ወደ ውኃው በገባው የእሾህ ቅርንጫፍ ላይ፣ በየቦታው ቀንድ አውጣ ተለጥፏል። ፀሐዩ እየፈጃቸው ነው። አንዳንዶቹ አሁንም ወደ ላይ እየተጎተቱ ነበር።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳት።

«በዚህ ፀሐይ ከውኃ አይወጡም። ፀሐይ ይገድላቸዋል» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «የወጡት ውኃው ከፀሐዩ ብሶባቸው ነው።»

ከዚያ ነው የእንቁራሪት እጮቹን ያየሁት። ሆዳቸውን ገልብጠው ጠርዙ ላይ ተንሳፍፈዋል።

«አንድ ሰው የሆነ ነገር ጨምሮበት ይሆናል» አለች። «ግን እንዲህ ሲሞቅና ሲያንስም ውኃው አየር ያጥረዋል። ያኔም ይወጣሉ። ሳይመረመር መናገር አይቻልም።»

ይህን እየተነጋገርን ሳለ የከብት ደወል ሰማሁ። ቀና ስል በምሥራቅ በኩል ቀይ አቧራ ተነስቷል። የዚያ ቀን ተራ የደረሳቸው መንጋዎች ውኃ ሊጠጡ እየመጡ ነበር። ድርቅ ላይ ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ ሲጠማ ሰንብቶ ነው የሚመጣው። ሽታው ሲደርሰው ደግሞ የሚያቆመው ነገር የለም።

ከመንጋው ቀድመው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። አባ ሊበን ይባላሉ፤ የኩሬውን ተራ የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸውን የሚሽር የለም። ሁለት የማያውቋቸው ሴቶች ውኃው ውስጥ ቆመው ሲያዩ ፊታቸው ቢጠቁርም ሰላምታ አላስቀሩም።

የቦረና ሰላምታ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰዉ ሰላም ነው? ከብቱ ሰላም ነው? መንገዱ ሰላም ነው? የመጣችሁበት አገር ሰላም ነው? እኔ «ሰላም ነው፣ ሰላም ነው» እያልኩ ዓይኔ አቧራው ላይ ነው። ማዳም አቲየኖ በክርኗ ትነካኛለች። «ንገሪያቸው፣ ንገሪያቸው እንጂ።» ግን ሽማግሌ ሰላምታውን ሳይጨርስ አይቋረጥም። ካቋረጥኳቸው የምለውን አይሰሙኝም። ደወሉ እየቀረበ መጣ።

ሰላምታው ሲያልቅ ማዳም አቲየኖ እንዲህ አለችኝ፦ «ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ውኃው ውስጥ የገባ ነገር ሊኖር ይችላል። ናሙና ወስጄ እስካስመረምር ከብቶቹን ቢያቆዩልን ጥሩ ነው።»

«ምርመራው ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ናይሮቢ ነው የሚሠራው። ሁለት ሳምንት ይሆናል።»

አየኋት። መንጋውን አየሁ። ከፊት የሚመጡት ከብቶች የጎድን አጥንታቸው እየታየኝ ነው። «ምናልባት» ብሎ የተጠማ ከብት ለሁለት ሳምንት የሚያቆም ሰው በምድር ላይ የለም። «ምናልባት» ብል አባ ሊበን በትህትና ያመሰግኑኛል፤ ከብቱም ይጠጣል።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ በሕይወቴ የሰው ንግግር ላይ ቃል ጨምሬ ወይም ቀንሼ አላውቅም። አባቴ «አስተርጓሚ ቧንቧ ነው፤ የገባበትን ያወጣል» ይለኝ ነበር።

«አባ ሊበን» አልኩ፣ «ውኃው መርዝ አለበት። ከብቶቹን መልሱ።»

በኦሮምኛ መርዝ «ሱሚ» ነው። በስዋሂሊ ደግሞ «ሱሙ» ይባላል። ይህን አላሰብኩትም። ማዳም አቲየኖ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ሱሙ ነው ያልሽው? እኔ ሱሙ አላልኩም!»

«አውቃለሁ።»

«ባይሆንስ?»

አባ ሊበን አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ቋንቋውን ባይሰሙም ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «መርዝ አለ ያለው ማነው? እሷ ናት ወይስ አንቺ?»

እሷ ናት ብል ያምኑኝ ነበር፤ መኪና ይዛ ከናይሮቢ የመጣች የተማረች ሴት ናት። ለምን እንዳላልኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

«እሷ አላረጋገጥኩም ነው የምትለው» አልኩ። «መርዝ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አይተሽ?»

ወደ ጠርዙ ወስጄ ቀንድ አውጣዎቹን አሳየኋቸው። እሾሁ ላይ የተለጠፈውን አንዱን ነቅለው መዳፋቸው ላይ አደረጉትና አገላብጠው አዩት። ከዚያ ደግሞ ወደ ውኃው፣ ወደ ሞቱት እጮች አዩ። እንዲህ ሆኖ አይተው እንደማያውቁ ከፊታቸው ገባኝ።

ዞር ብለው በታላቅ ድምፅ ለእረኞቹ ጮኹ። እረኞቹ እየሮጡ መጥተው የአጥሩን በር በእሾህ ዘጉት። ከብቶቹ ደርሰው ከአጥሩ ውጪ እየተጋፉ መጮህ ጀመሩ። የተጠማ መንጋ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ጆሮ ላይ አይቀርም፤ አጥንት ውስጥ ይገባል። አንድ እረኛ «ከብቴ ቢሞት አንቺ ልትከፍይኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላው ወደ ማዳም አቲየኖ ወንፊት እየጠቆመ «ውኃው ውስጥ የገቡት እነሱ ናቸው፤ ምን እንደጨመሩበት ማን ያውቃል?» አለ። ይኸኛው አስፈራኝ፤ ሌሎቹም ዞር ብለው ሲያዩን ነበርና።

«ጸጥ!» አሉ አባ ሊበን። «ዛሬ ማለዳ መጀመሪያ ያጠጣው ማነው?»

«ጉዮ ነው። በጎቹን አጠጥቶ ሄዷል።»

አባ ሊበን ወደ እኔ ዞሩ። «የጉዮ ቤት ሩቅ አይደለም። በመኪናችሁ ሂዱና በጎቹን አይታችሁ ኑ። ሴትዮዋ እዚህ ከእኔ ጋር ትቆይ።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ፈጥነሽ ነይ፣ ልጄ። በአንድ ልጅ ቃል ነው የሰው ከብት ያስጠማሁት» አሉኝ።

ሁቃ መኪናውን እንዴት እንደነዳው አልናገርም። እኔ መቀመጫው ላይ አልተቀመጥኩም፤ መስኮቱን ይዤ ተንጠልጥዬ ነው የሄድኩት። በመንገድ ላይ የተመኘሁትን ነገር ልንገራችሁ? በጎቹ ታመው እንዲገኙ እየጸለይኩ ነበር። ደህና ሆነው ከተገኙ እኔ አለቀልኝ። እንዲህ እየጸለይኩ እንደሆነ ሲገባኝ ደነገጥኩ፤ ጸሎቱን ግን አላቆምኩም።

የጉዮ ሚስት ቃበሌ ከቤቱ ውጪ ጥላ ላይ ተቀምጣ ትንሿን ልጇን አቅፋ ነበር። ልጅቷ ፊቷ ገርጥቷል። አጠገቧ ያስመለሰችው አለ።

«ከጠዋት ጀምሮ ታስመልሳለች» አለችኝ ገና ከመኪና ሳልወርድ። «ሻይ ነው የሰጠኋት። እኔም ብረት ብረት ሲለኝ ተውኩት።»

«ውኃው ከየት ነው?»

«ከሐሮው ነዋ፤ ጉዮ ማለዳ ቀድቶ ያመጣው ነው። ሌላ ውኃ የት አለ?»

ሮጬ ጀሪካኑን አንስቼ ደፋሁት። ቃበሌ ጮኸች። በዚያ ድርቅ ውኃ መድፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁቃ መሐላችን ገብቶ በራሳቸው አነጋገር ሲያስረዳት ጩኸቷ ቆመ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ በጎቹ በረት አየች።

ጉዮ በረቱ ውስጥ ተንበርክኮ ነበር። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጭን ሰው ነው። አንዲት በግ አንገቷን ዘርግታ ተኝታለች፤ ከአፏ አረፋ ይወርዳል። ከኋላዋ የወጣው ነገር አረንጓዴ ሰማያዊ ነው። ሌሎቹም ጀርባቸውን አጉብጠው ቆመዋል። የጉዮ ሁለት እጆች እስከ አንጓው ሰማያዊ ነበሩ።

«ጉዮ፣ ውኃው ውስጥ ምን ጨመርክ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳን አልጠየቀኝም።

«ቀንድ አውጣውን ነው እንጂ ውኃውን አልነካሁም» አለ።

ቀስ በቀስ ነገረን። ባለፈው ዝናብ ከበጎቹ ብዙዎቹ አልቀውበታል። አንዷን ከፍቶ ጉበቷን ሲያይ ቅጠል የመሰሉ ትሎች ሞልተውበታል። ገበያ ላይ ሰው «ትሉ የሚመጣው ከቀንድ አውጣ ነው» አለው። እውነት ነው፤ አልዋሹትም። የከብት መድኃኒት እያዞረ የሚሸጥ አንድ ሰው ደግሞ ቀንድ አውጣ የሚገድል ሰማያዊ ዱቄት ሰጠው። ስንት እንደሚጨመር፣ ማን መጠጣት እንደሌለበት አልነገረውም። ጉዮ ጎህ ሲቀድ ከረጢቱን ሙሉ ገለበጠው። የራሱን በጎች ብቻ ሊያድን አልነበረም፤ ለሁሉም ብሎ ነው። ማታ ለአባ ሊበን ሊነግራቸውና ሊመሰገን ነበር ያሰበው።

«በጎቼን አዳንኳቸው ብዬ እኮ ነው ያጠጣኋቸው» አለ።

ያን ጊዜ እፎይ ማለቴን አልደብቃችሁም። ልክ ነበርኩ። ወዲያው ልጅቷ እናቷ እቅፍ ውስጥ ስታቃስት ሰማሁ፤ እፎይታዬም አሳፈረኝ።

ሁላችንም መኪናው ውስጥ ገባን። ኩሬው ጋ ስንደርስ ነገሩ ሊፈነዳ ተቃርቦ ነበር። እረኞቹ ዱላቸውን ይዘው ከበዋል። አባ ሊበን በሩ ላይ ቆመዋል። ማዳም አቲየኖ ከጎናቸው ወንፊቷን እንደ ዱላ አቁማ ቆማለች፤ በማትሰማው ቋንቋ ዙሪያዋን እየተጮኸ። ልናገር አፌን ስከፍት ጉዮ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሰማያዊ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋቸው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ውኃው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አታጠጡ። በጎቼ እየሞቱ ነው።»

ከዚያ ቅድም የጮኸብኝ እረኛ ዱላውን አንስቶ ወደ ጉዮ ሮጠ። ሌሎችም ተከተሉት። አባ ሊበን በዚያ ዕድሜያቸው መሐላቸው ገብተው ቆሙ።

«ሰውየውን በኋላ!» አሉ። «ከብቱን አሁን!»

ያ ቃል ነው ሰዉን የመለሰው። ሌላው ውኃ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ጋ ነው፤ እስከዚያ ለመድረስ የደከመ ከብት ቀኑን ሙሉ መጓዝ አለበት። ለዚያውም ከብቶቹ ውኃው አጠገብ ቆመው እየሸተታቸው ነው። ሁቃ ቃበሌንና ልጅቷን ይዞ ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል በረረ። የቀረነው ሁላችን መንጋውን ለመመለስ ተሰለፍን። ወገቤ ላይ ያሰርኩትን ሌሶ የሚባል ሰፊ ጨርቅ ፈትቼ ከብቶቹ ዓይን ላይ እያራገብኩ ጮህኩ። ማዳም አቲየኖ በወንፊቷ አፍንጫቸውን ትመታለች። ጉዮ ከሁላችን ፊት ነበር፤ ቀንድ ሲገፋው ይወድቃል፣ ይነሳል። አንዲት ቀይ ላም አጥሩን ጥሳ ልትገባ ስትል አንገቷን አቅፎ ከእሷ ጋር መሬት ላይ ተንከባለለ። ሊመታው የነበረው እረኛ ነው ከሥሯ ጎትቶ ያወጣው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የመጨረሻው መንጋ ርቆ ሄደ። ደወሉ እየቀነሰ መጣ። ማዳም አቲየኖና እኔ አጥሩ ሥር ቁጭ አልን። እጇ ደምቷል። እኔ ድምፄ ተዘግቷል።

ጉድጓዱ ጋ ያልደረሱ ከብቶች ነበሩ፤ በመንገድ ወደቁ። የጉዮ በጎች በቀጣዮቹ ቀናት አለቁ ማለት ይቻላል። ልጅቷ ግን ዳነች። መብላት እስክትጀምር ቃበሌ አጠገቧ ቁጭ ብላ ነበር፤ እኔም ሶሎሎ ሄጄ አይቻታለሁ። የከብት መኪናው ቅዳሜ ያለ እኔ ወደ ናይሮቢ ሄደ። ትዝ ያለኝ እሑድ ነው።

ሽማግሌዎቹ በጉዮ ጉዳይ ዛፍ ሥር ለብዙ ሰዓት ተቀመጡ። ፍርዱን ስሰማ እንባዬ መጣ። ዝናብ እስኪዘንብ ኩሬውን እንዲጠብቅና ማንም እንዳይጠጣበት እንዲያደርግ፣ ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ገንዳ እንዲቆፍር ፈረዱበት። ይህ ቅጣቱ ነው። ከዚያ በጎሣቸው ደንብ መሠረት፣ ያለው ሰው አንድ አንድ በግ እያወጣ እንደገና እንዲያረባ ሰጡት። ሊደበድበው የነበረው እረኛም ሰጥቷል።

ማዳም አቲየኖ ናሙናውን ይዛ ናይሮቢ ከገባች በኋላ ሆቴላችን ስልክ ደወለች። ከሰማያዊው ዱቄት ውኃው ውስጥ የገባው መዳብ ከብትም ሰውም ሊቋቋመው የሚችል አልነበረም።

«ልክ ነበርሽ» አለችኝ። ቀጥላም «ልክ ባትሆኚስ ኖሮ?» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ከሆቴሉ በር ወጣሁና ማንያታን ዞርኩ። ከከተማዋ ዳር እስካለው ሄሉ ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ልክ ባልሆን ኖሮ በመንገድ የወደቁት ከብቶች የእኔ ጥፋት ይሆኑ ነበር። የቀሩትን ያዳንኩትም በማላውቀው ነገር ላይ አውቃለሁ ብዬ ነው። አንዳንድ ሰዎች ጀግና ሲሉኝ ማዳም ያነሳችው ጥያቄ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁረኛል፤ ዛሬም አልወጣም።

ዝናቡ መጣ፤ ኩሬው ሞላ። ማዳም አቲየኖ ተመለሰች፤ እኔም ከእሷ ጋር መሥራት ጀመርኩ። በዚያ ዓመት ኩሬው ውስጥ አንድም ቀንድ አውጣ አላገኘንም። ጉዮ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። ግን ውኃው አረንጓዴ ሆነ። ድንጋዩን ሁሉ ልጋግ ሸፈነው፤ ሴቶቹ በጨርቅ ሲያጠልሉት ጨርቁ ይደፈናል፤ ሽታውም ተለወጠ። ጠርዙ ላይ እየተንጎራደዱ የሚለቅሙት ወፎች አልመጡም። ያን ጊዜ ነው መንገድ ላይ በግማሽ ጆሮ የሰማሁት ሁሉ የገባኝ። ያ የሚሳቅበት ፍጥረት ሥራ ነበረው። ሥራውን የሚሠራለት ሌላ አልነበረም።

በቀጣዩ ዝናብ ጥቂቶች ታዩ። መድኃኒቱ ካልደረሰበት ጥልቅ ጭቃ ተነስተው ይሁን ወፍ እግር ላይ ተጣብቀው ከሌላ ኩሬ መጥተው፣ ማዳምም እርግጡን አትናገርም። አሁን በጎቹ ኩሬው ጠርዝ ላይ ያለውን እርጥብ ሣር አይነኩም፤ ትሉ የሚጠብቃቸው እዚያ ላይ ነውና። ጉዮ ከቆፈረው ገንዳ ይጠጣሉ። ኩሬው ለቀንድ አውጣውና ለወፉ ተትቷል፤ ለሰው ደግሞ ንጹሕ ውኃ ይሰጣል። የጉበት ትል ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀንሷል።

ይህን ለምን እንደምነግራችሁ ታውቃላችሁ? ምናልባት አንዳችሁም በሌላ ሰው ቃል ስትኖሩ ቆይታችሁ፣ አንድ ቀን የራሳችሁን ቃል እንድትናገሩ የሚያስገድድ አቧራ ከሩቅ ታዩ ይሆናል። ተናገሩ አልላችሁም፤ ዝም በሉም አልላችሁም። የተናገራችሁት ቃል ግን የማን እንደሆነ ስትጠየቁ የሌላ ሰው ነው አትበሉ።

እኔ ናይሮቢ መኖር አልሆነልኝም። እዚሁ ቀርቼ ከኩሬ ወደ ኩሬ እዞራለሁ፤ ዛሬም አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናንተም ወደ ሶሎሎ በሚወስደው መንገድ ካለፋችሁና የእሾህ አጥር ያለው ኩሬ ካያችሁ አንድ ሰው ከጥላው ተነስቶ ይመጣባችኋል። የፍርዱ ጊዜ ካበቃ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እሱ ግን ጥበቃውን አልተወም። ሰላምታውን ይጨርስና «እጃችሁ ላይ ምን ይዛችኋል?» ይላችኋል። አትቆጡት። ባዶ እጃችሁን አሳዩትና እለፉ።